ከትምባሆ ቅጠል እስከ ልጅዎ ጉንፋን፦ የማርቲኑስ ቤየሪንክ የሕይወት ታሪክ

ልጅዎ ሦስት ቀን ሲያስለውና ሲያተኩሰው ቆይቶ ወደ ጤና ተቋም ይዘውት ሄዱ እንበል። ሐኪሙ ደረቱን አዳመጠ፣ ጉሮሮውንና ጆሮውን አየ፣ ትንፋሹን ቆጠረ። ከዚያም ሕመሙ በቫይረስ የመጣ ጉንፋን እንደሆነና አንቲባዮቲክ እንደማያስፈልገው ነገረዎት፤ ፈሳሽ እንዲሰጡትና በቅርብ እንዲከታተሉት መክሮ አሰናበተዎት። ካርድ አውጥተውና ወረፋ ጠብቀው ያለ መድኃኒት ሲመለሱ ቅር ቢልዎት አያስገርምም። እኔም በሥራዬ ላይ ይህን ቅሬታ በወላጆች ፊት ላይ አዘውትሬ አየዋለሁ። አንዳንዱ ወላጅ ከሐኪሙ ክፍል ወጥቶ በቀጥታ ወደ መድኃኒት ቤት በመሄድ አሞክሲሲሊን ይገዛል። ሌላው ደግሞ ባለፈው ዓመት ለታላቅ ወንድሙ ታዝዞ የተረፈውን ከመሳቢያ ያወጣል።

ቫይረስም ባክቴሪያም በዓይን የማይታዩና በሽታ የሚያመጡ ከሆኑ፣ አንዱን የሚገድለው መድኃኒት ሌላውን የማይነካው ለምንድን ነው? ወደ መልሱ የሚወስደው መንገድ የተጀመረው በሰው ሰውነት ውስጥ ሳይሆን በዕፅዋት ውስጥ ነበር። መንገዱን ከጠረጉት ሰዎች ዋነኛው ማርቲኑስ ቤየሪንክ የተባለ የኔዘርላንድስ ሊቅ ነው። ስሙ በማይክሮባዮሎጂ ትምህርት ከፍ ብሎ ይጠራል። ሐኪም ያልሆነና በሽተኛ መርምሮ የማያውቅ ሰው ቢሆንም፣ የሥራው ውጤት ዛሬ ሐኪምዎ በሚጽፈውም በማይጽፈውም መድኃኒት ውስጥ አለ። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የትምባሆ ነጋዴው ልጅ

ማርቲኑስ ቪለም ቤየሪንክ እ.ኤ.አ. መጋቢት 16 ቀን 1851 በአምስተርዳም ከተማ ተወለደ። አባቱ የትምባሆ ነጋዴ ነበር። ማርቲኑስ ገና ሕፃን ሳለ ንግዱ ከሰረ፤ አባትየው ቤተሰቡን ይዞ ከአምስተርዳም ወጣና በባቡር ድርጅት ውስጥ በጸሐፊነት ተቀጠረ። ቤተሰቡ ለትምህርት ቤት የሚተርፍ ገንዘብ ስላልነበረው ልጁ እስከ 12 ዓመቱ ድረስ የተማረው ቤት ውስጥ ከአባቱ ነው።

ኋላ ሃርለም በምትባለው ከተማ ትምህርት ቤት ሲገባ ዕፅዋትን ማጥናት ልቡን ሳበው፤ ይህም ፍቅር እስከ ዕለተ ሞቱ አልለቀቀውም። ከፍተኛ ትምህርት ለመማር የቤተሰቡ አቅም ስላልፈቀደ አጎቱ ወጪውን ሸፈነለት፤ ወደ ዴልፍት ፖሊቴክኒክ ገብቶም በ1872 በኬሚካል ምህንድስና ተመረቀ። በተማሪነቱ አብሮት የኖረው ጓደኛው ያኮቡስ ቫንት ሆፍ ነበር። ሁለቱ ወጣቶች በመኖሪያ ክፍላቸው ሳይቀር የኬሚስትሪ ሙከራ ያደርጉ ነበር ይባላል። ቫንት ሆፍ በ1901 የመጀመሪያውን የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ቤየሪንክ ግን የዕፅዋትን መንገድ መረጠ። በላይደን ዩኒቨርሲቲ ቀጥሎ በ1877 የዶክትሬት ዲግሪውን ያገኘው ዕፅዋት ላይ በሚወጡ እብጠቶች ላይ ባደረገው ጥናት ነው። ነፍሳት እንቁላላቸውን የጣሉበት ቅጠል ለምን እንደሚያብጥ ሲመረምር፣ አንድ ፍጡር በሌላው ውስጥ ገብቶ ሲኖር ምን እንደሚፈጠር ማሰብ ጀመረ። ከዚያ በኋላ የሠራቸው ትልልቅ ሥራዎች የዚሁ ጥያቄ ቅጥያዎች ናቸው ማለት ይቻላል።

ኑሮውን ለመምራት ማስተማር ነበረበት። በቫገኒንገን የግብርና ትምህርት ቤት ሲያስተምር የዚያው አገር የግብርና ምርምር ጣቢያ ኃላፊ የነበረው ጀርመናዊው አዶልፍ ማየር አንድ እንግዳ በሽታ አሳየው። የትምባሆ ቅጠል ከፊሉ ደማቅ፣ ከፊሉ ገርጣ ያለ አረንጓዴ ሆኖ ይዥጎረጎርና ይጨማደዳል፤ ገበሬውም ምርቱን ያጣል። ማየር የታመመ ቅጠል ጨምቆ ጭማቂውን በቀጭን የመስታወት ቱቦ ወደ ጤነኛ ቅጠል ሲያስገባ ጤነኛው ታመመ። በሽታው ተላላፊ መሆኑ ተረጋገጠ፤ የሚያስተላልፈው ግን አልታወቀም። ያኔ ሳይንቲስቶች ከእያንዳንዱ ተላላፊ በሽታ ጀርባ ባክቴሪያ ይፈልጉ ነበር። የሳንባ ነቀርሳና የኮሌራ ባክቴሪያዎች የተለዩት በዚያው ዘመን ነው። ቤየሪንክም በማይክሮስኮፕ ፈለገ፣ ባክቴሪያ ሊያበቅል ሞከረ፣ ምንም አላገኘም። የአባቱ ንግድ የነበረው ትምባሆ እሱን ደግሞ ለዓመታት በጥያቄ ያዘው።

በሥር ውስጥ የሚኖሩ ወዳጆች

በ1885 ቤየሪንክ ማስተማሩን ትቶ ዴልፍት በሚገኝ የእርሾና የአልኮል ፋብሪካ በማይክሮባዮሎጂ ባለሙያነት ተቀጠረ። ፋብሪካው ላብራቶሪ ሰጠው፤ ከሥራው ጎን ለጎን የራሱን ምርምር እንዲያካሂድም አልከለከለውም። በ1888 ስሙን ያስጠራው የመጀመሪያው ትልቅ ግኝት የመጣው ከዚህ ላብራቶሪ ነው።

ገጠር ያደጉ ከሆነ የባቄላ ወይም የአተር ተክል ከነሥሩ ሲነቀል አይተው ይሆናል። ሥሩ ላይ የምስር ፍሬ የሚያካክሉ ትናንሽ እብጠቶች አሉ። ሰው በሽታ ሊመስሉት ይችላሉ። ገበሬ ግን ባቄላ፣ አተር፣ ምስር ወይም ሽምብራ የተዘራበት መሬት በቀጣዩ ዓመት ለስንዴና ለጤፍ እንደሚስማማ ከድሮ ጀምሮ ያውቃል። ሄልሪገልና ቪልፋርት የተባሉ ሁለት ጀርመናውያን በ1880ዎቹ ምክንያቱን አገኙ። ጥራጥሬዎች በእነዚያ እብጠቶች አማካይነት ከአየር ናይትሮጅን ይወስዳሉ። ከምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ቢሆንም ዕፅዋት በቀጥታ ሊጠቀሙበት አይችሉም። ናይትሮጅን ከሌለ ደግሞ ፕሮቲን አይሠራም።

ቤየሪንክ እብጠቶቹ ውስጥ የሚኖረውን ባክቴሪያ አውጥቶ፣ ከሌሎች ለይቶ ለብቻው አሳደገው። ይህ ባክቴሪያ ዛሬ ራይዞቢየም ይባላል። ባክቴሪያው ከአፈር ወደ ሥሩ ይገባል፤ ተክሉ ማደሪያና ስኳር ይሰጠዋል፤ እሱም በምላሹ የአየሩን ናይትሮጅን ተክሉ ወደሚጠቀምበት ንጥረ ነገር ይለውጥለታል። ሥራ ላይ ያለውን እብጠት በጥፍርዎ ቢሰነጥቁት ውስጡ ሮዝ ሆኖ ያገኙታል። ቀለሙ የመጣው በእኛ ደም ውስጥ ካለው ሄሞግሎቢን ጋር ዝምድና ካለው፣ ብረት ከያዘ ፕሮቲን ነው። ቤትዎ ሽሮ ሲሠራ፣ በጾም ቀን ምስር ወጥ ሲቀርብ ከሚያገኙት ፕሮቲን አብዛኛው ናይትሮጅን በእነዚህ ባክቴሪያዎች እጅ ያለፈ ሊሆን ይችላል።

ይህ ግኝት ለእርስዎ ለታካሚው ምን ይነግርዎታል? ባክቴሪያ የሚለው ቃል የበሽታ ሌላ ስም አለመሆኑን ነው። በሕያው አካል ውስጥ ገብቶ የሚኖር ተሕዋስ ሁሉ ጠላት አይደለም። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ምርምሮች እንዳሳዩት በጤነኛ ተክል ሥር ብቻ ሳይሆን በግንዱና በቅጠሉ ውስጥም ባክቴሪያና ፈንገስ ይኖራል፤ የሻይ ቅጠልም እንዲሁ ነው። ብዙዎቹ ተክሉን አይጎዱትም፤ አንዳንዶቹ እንዲያውም ያግዙታል። በእኛም አንጀት ውስጥ እጅግ ብዙ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። ምግብ ከመፍጨት ጀምሮ ክፉዎቹ ቦታ እንዳያገኙ እስከ መከላከል ድረስ ይረዱናል። ወተትን ወደ እርጎ ከሚለውጡት ባክቴሪያዎች መካከል ላክቶባሲለስ የሚባሉት ይገኙበታል፤ ይህን ስም በ1901 የሰጣቸውም ቤየሪንክ ራሱ ነው።

ሳያስፈልግዎ አንቲባዮቲክ ሲወስዱ መድኃኒቱ ወዳጅና ጠላት አይለይም። የአንጀትዎን ወዳጆችም ይገድላል። ተቅማጥ፣ የአፍ ወይም የብልት ፈንገስ ከአንቲባዮቲክ በኋላ የሚከሰቱበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ማጣሪያ ያላስቀረው በሽታ

በ1895 ቤየሪንክ በዴልፍት ፖሊቴክኒክ ፕሮፌሰር ሆኖ ተሾመ፤ በ1897 ደግሞ አዲስ ላብራቶሪ ተከፈተለት። አሁን የራሱ ላብራቶሪና ትምባሆ የሚያበቅልበት ቦታ ስላገኘ ወደ አሮጌው ጥያቄ ተመለሰ።

የታመመ የትምባሆ ቅጠል ጨመቀና ጭማቂውን ባክቴሪያ ሊያልፍበት በማይችል፣ ቀዳዳው እጅግ ጠባብ በሆነ የሸክላ ማጣሪያ አሳለፈው። የተጣራው ጭማቂ ባክቴሪያ የሚባል ነገር አልነበረውም። ይህን ንጹሕ ፈሳሽ ወደ ጤነኛ ተክል ሲያስገባው ግን ተክሉ ታመመ። ሩሲያዊው ዲሚትሪ ኢቫኖቭስኪ በ1892 ይህንኑ ሙከራ አድርጎ ተመሳሳይ ውጤት አግኝቶ ነበር። ቤየሪንክ ሥራውን ሲያወጣ የኢቫኖቭስኪን ጽሑፍ አያውቅም ነበር፤ በኋላ ሲነገረው ቀዳሚው እሱ መሆኑን አምኖ ተቀበለ። ልዩነታቸው ከውጤቱ በተረዱት ነገር ላይ ነው። ኢቫኖቭስኪ ምናልባት በጣም ትንሽ ባክቴሪያ አልፎ ይሆናል፣ ወይም ባክቴሪያ የሚያመነጨው መርዝ ይሆናል ብሎ ነበር። ቤየሪንክ ግን በዚያ አልረካም።

መጀመሪያ፣ መርዝ ይሆን እንደሆነ አጣራ። መርዝ ከሆነ ከተክል ወደ ተክል በተላለፈ ቁጥር እየቀጠነ ሄዶ ኃይሉን ማጣት አለበት። ከታመመው ጥቂት ጠብታ ወስዶ ሌላ አሳመመ፤ ከዚያኛው ወስዶ ሦስተኛ አሳመመ፤ የበሽታው ኃይል አልቀነሰም። ስለዚህ ነገሩ መርዝ ሳይሆን በተክሉ ውስጥ የሚባዛ ነገር ነው።

ቀጥሎ፣ ባክቴሪያ ይሆን እንደሆነ አጣራ። ባክቴሪያ ምግብ ካገኘ ከሕያው አካል ውጭም ይራባል። የተጣራውን ጭማቂ ሦስት ወር አስቀመጠው። የማሳመም ኃይሉን አላጣም፤ ነገር ግን ፈሳሹ ውስጥ ምንም ነገር አልበቀለም። በላብራቶሪ ምግብ ላይም አላደገም። ያደገው በአንድ ቦታ ብቻ ነው፦ በሕያው ተክል ውስጥ፣ ያውም ሕዋሶቹ በሚከፋፈሉበት፣ ገና በማደግ ላይ ባለው ለጋ ክፍል። ፈሳሹን ሲያፈላው ግን የማሳመም ኃይሉ ጠፋ።

በ1898 ቤየሪንክ መደምደሚያውን አሳተመ። የበሽታው ምክንያት ባክቴሪያም መርዝም ያልሆነ፣ ከሕያው ሕዋስ ውጭ ሊራባ የማይችል፣ የሕዋሱን ሕይወት ተጠግቶ የሚባዛ አዲስ ዓይነት ነገር ነው አለ። ለመጥሪያም ቫይረስ የሚለውን የላቲን ቃል ተጠቀመ። ቃሉ ቀድሞ ማንኛውንም መርዝ የሚገልጽ የቆየ ቃል ነበር፤ ዛሬ እኔና እርስዎ የምናውቀውን ትርጉም መያዝ የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው።

በዚያው ዓመት ሌፍለርና ፍሮሽ የተባሉ ጀርመናውያን የከብት የአፍና የእግር በሽታ ምክንያትም ማጣሪያ እንደሚያልፍ አሳዩ። በ1901 ደግሞ በኩባ ይሠራ የነበረው የዋልተር ሪድ ቡድን ቢጫ ወባ ተመሳሳይ መሆኑን አረጋገጠ። በሰው ላይ በሽታ እንደሚያመጣ መጀመሪያ የታወቀው ቫይረስ ይህ ነው። ፖሊዮ፣ ኩፍኝ፣ የእብድ ውሻ በሽታ፣ ኢንፍሉዌንዛ፣ የጉበት ቫይረሶች፣ ኤች አይ ቪ እያለ ዝርዝሩ ረዘመ።

የተሳሳተበት ነገር

ታላላቅ ሰዎችም ይሳሳታሉ፤ ቤየሪንክም ተሳስቷል። በሽታው በሸክላ ማጣሪያ ማለፉንና እንደ ጄሊ ባለ አጋር ውስጥ ቀስ እያለ መስረጉን ሲያይ፣ ቫይረስ ቅንጣት ያልሆነ ሕያው ፈሳሽ ነው ብሎ ደመደመ። ብዙ የዘመኑ ሊቃውንት ይህን አልተቀበሉትም፤ ልክ ነበሩ። በ1935 አሜሪካዊው ዌንደል ስታንሊ የትምባሆውን ቫይረስ በክሪስታል መልክ ለየው፤ በ1939 ደግሞ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲታይ ቀጭን ዘንግ የሚመስል ቅንጣት ሆኖ ተገኘ። ቤየሪንክ ይህን ለማየት አልደረሰም።

ስለ ቅርጹ ቢሳሳትም ስለ ጠባዩ አልተሳሳተም። ቫይረስ በሕያው ሕዋስ ውስጥ ብቻ ይባዛል ያለው ዛሬም የቫይረስ መለያ ነው።

የቤየሪንክ ጠባይና የመጨረሻ ዘመኑ

የሚያደንቁት ሁሉ ይወዱት ነበር ማለት አይደለም። ተማሪዎቹን ያመናጭቅና ይቆጣ ነበር፤ ብዙዎቹ ይፈሩት ነበር። ራሱ አላገባም። ሳይንስና ትዳር አብረው አይሄዱም ብሎ ያምን ስለነበር ረዳቶቹ ሊያገቡ ሲሉም ደስ አይለውም ነበር። የቤተሰብ ሕይወቱ ከሁለት እህቶቹ ጋር ነበር። እህቱ ሄንሪየት ለትምህርቱ የሚያገለግሉ ትልልቅ የግድግዳ ሥዕሎችን በቀለም ትሥልለት ነበር፤ ሥዕሎቹ ዛሬም በዴልፍት ተጠብቀው ይገኛሉ።

ተማሪዎቹ ከቁጣው ጋር የወረሱት ትልቅ ዘዴ ነበር። እያንዳንዱ ተሕዋስ የሚመቸው የራሱ ምግብ፣ ሙቀትና አየር አለው። የምትፈልገውን ተሕዋስ ለማግኘት ለእሱ የሚመቸውን አዘጋጅ፤ ከአንድ ጭብጥ አፈር ውስጥ እሱ በዝቶ ይወጣል። ቤየሪንክ በዚህ መንገድ ማንም ያላያቸውን በርካታ ባክቴሪያዎች አገኘ፤ በ1901 ያሳወቀውና ያለ ተክል እርዳታ ከአየር ናይትሮጅን የሚወስደው አዞቶባክተር አንዱ ነው። የዛሬ ላብራቶሪዎችም ከበሽተኛ ሰገራ ውስጥ በሽታ አምጪውን ባክቴሪያ ከብዙ ጎረቤቶቹ ለይተው ለማሳደግ በዚሁ ሐሳብ ይጠቀማሉ።

በ1905 የሌቨንሁክን ሜዳሊያ ተሸለመ። ሌቨንሁክ በራሱ በሠራቸው ማጉያ መነጽሮች ባክቴሪያን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ፣ እዚያው ዴልፍት የኖረ ሰው ነበር። በ1921 ቤየሪንክ 70 ዓመት ሲሞላው ጡረታ ወጣና ከእህቶቹ ጋር ኮርሰል ወደምትባል የገጠር መንደር ሄደ። እዚያም በአትክልት ሥፍራው ዕፅዋቱን ሲከታተል ቆይቶ እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 1931 በ79 ዓመቱ አረፈ። በሞተበት ጊዜ ፔኒሲሊን ከተገኘ ጥቂት ዓመት ቢያልፍም ገና ለሕሙማን መድኃኒት አልሆነም ነበር። በቫይረስና በባክቴሪያ መካከል ያሳየው ልዩነት በማዘዣ ወረቀት ላይ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ አላየም።

ይህ ታሪክ ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ምን ይጠቅማል?

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። ባክቴሪያ ራሱን የቻለ ሕዋስ ነው። የራሱ ግድግዳ፣ ፕሮቲን የሚሠራበት የራሱ መሣሪያ አለው። አንቲባዮቲክ የሚያጠቃው እነዚህን ነው። አሞክሲሲሊን ለምሳሌ የባክቴሪያው ግድግዳ እንዳይሠራ ያደርጋል። ቫይረስ ግድግዳም መሣሪያም የለውም። ቤየሪንክ በትምባሆው እንዳየው በእኛ ሕዋስ ውስጥ ገብቶ በእኛው መሣሪያ ይባዛል። አንቲባዮቲኩ የሚመታው ነገር አያገኝም። ጉንፋኑ በአንቲባዮቲክ ዳነ የሚሉት ሰዎች የዳኑት፣ ጉንፋን በራሱ ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ውስጥ ስለሚያልፍ ነው።

ስለዚህ እነዚህን ነገሮች ልብ ይበሉ፦

• ለጉንፋንና ለተለመደው ሳል በራስዎ ውሳኔ አንቲባዮቲክ አይግዙ፤ የተረፈም አይስጡ። ያለአግባብ በተወሰደ ቁጥር መድኃኒቱን የተለማመዱ ባክቴሪያዎች ይበዛሉ። የእውነት የሚያስፈልግዎ ቀን ሲመጣ ላይሠራልዎ ይችላል።

• ሐኪም መርምሮ የባክቴሪያ ሕመም መሆኑን ካመነበትና አንቲባዮቲክ ካዘዘ ደግሞ በታዘዘው መጠንና ለታዘዘው ጊዜ ይውሰዱ። በቫይረስ የጀመረ ጉንፋን አንዳንድ ጊዜ የሳንባ ምች ወይም የጆሮ ኢንፌክሽን ያስከትላል፤ ያኔ የሐኪሙ ምክር ቢለወጥ እርስ በርሱ የተጋጨ አይምሰልዎ።

• ጉንፋን የያዘው ልጅ ፈሳሽ በብዛት ይጠጣ፤ የሚጠባም ከሆነ ቶሎ ቶሎ ይጥባ። ትኩሳቱ ካስቸገረው ፓራሲታሞል በክብደቱ ልክ ይሰጠዋል። ማር ሳልን ሊያስታግስ ይችላል፤ ከአንድ ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን ግን ፈጽሞ አይሰጥም።

• የሚከተሉትን ካዩ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ፦ ልጁ መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ከደነዘዘ ወይም አልነቃ ካለ፣ ሲተነፍስ የደረቱ የታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ፣ ትንፋሹ ከፈጠነ። ልጁ ጸጥ ባለበት ለአንድ ደቂቃ ይቁጠሩ። ከሁለት ወር በታች 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው። ከሁለት ወር በታች ያለ ሕፃን ካተኮሰው ሌላ ምልክት ሳይጠብቁ ይውሰዱት።

• ቫይረስ ሁሉ መድኃኒት የለውም ማለት አይደለም። ለኤች አይ ቪ፣ ለጉበት ቫይረሶች፣ ለኢንፍሉዌንዛም ለይተው የሚሠሩ የቫይረስ መድኃኒቶች አሉ። ሄፓታይተስ ሲ በክኒን በጥቂት ወራት ሊድን ይችላል። የኤች አይ ቪ መድኃኒት ቫይረሱ በሕዋስ ውስጥ እንዳይባዛ ያግደዋል፤ ሆኖም ቫይረሱ በአንዳንድ ሕዋሶች ውስጥ ተደብቆ ስለሚቀር መድኃኒቱ አይቋረጥም። ደህና ነኝ ብለው ያቋረጡ ሰዎች ቫይረሱ የሚመለስባቸው ለዚህ ነው።

• ለብዙ ቫይረሶች ዋናው መከላከያ ክትባት ነው። የኩፍኝ፣ የፖሊዮ፣ የሄፓታይተስ ቢ ክትባቶችን በጊዜያቸው ያስከትቡ። ውሻ ከነከሰ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውሃ ለ15 ደቂቃ አጥበው በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክት ከታየ በኋላ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ገዳይ ነው።

የትምባሆው ቫይረስ ሰውን አያሳምምም። ትምባሆው ራሱ ግን ሳንባንና ልብን እንደሚጎዳ ያውቃሉ፤ የሚያስል ልጅ ባለበት ቤት ሲጋራ አለማጨስ ከብዙ ሽሮፕ የተሻለ እርዳታ ነው።

በሚቀጥለው ጊዜ ሐኪም ቫይረስ ነው ብሎ ያለ አንቲባዮቲክ ሲያሰናብትዎት ሁለት ነገር ይጠይቁት፦ ይህን የወሰነው በምን ምልክት እንደሆነ፣ እና ምን ካዩ መመለስ እንዳለብዎ። የሁለቱን መልስ ይዘው ከወጡ ባዶ እጅዎን አልተመለሱም። በልጅዎ ላይ ከላይ ከተዘረዘሩት የአደጋ ምልክቶች አንዱን ካዩ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ በአቅራቢያዎ ወዳለ ጤና ተቋም ይሂዱ።